ቆሻሻን የሚሸሽግ፣ ዝገትን የሚያጋልጥ ቀለም፦ በሐዋሳ ሐይቅ የምትሠራ የአንዲት ፖንቱን ጀልባ የጉዳይ ጥናት

ይህ የጉዳይ ጥናት በሐዋሳ ሐይቅ ላይ ለሽርሽር የምትሠራ አንዲት ፖንቱን ጀልባ እንደገና ስትቀባ የቀለሟ ምርጫ እንዴት እንደተካሄደ፣ በምርጫው የተሳተፉት ሰዎች በምን እንደተለያዩ፣ የደረሱበትም ውሳኔ አንድ በጋና አንድ ክረምት ካለፈበት በኋላ ምን ውጤት እንዳሳየ ይመረምራል። የጀልባዋ ባለቤትም ሆኑ ሥራውን የሠሩት ባለሙያዎች በስም አልተጠቀሱም። እኔ ወደ ጉዳዩ የገባሁት ስለ ቱቦዎቹ ዝገት ምክር እንድሰጥ ተጠርቼ ነው፤ የቀለሙ ነገር ከዝገቱ ተለይቶ የማይታይ መሆኑ የተገለጠልን ግን ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነበር።

ጀልባዋ

ፖንቱን ጀልባ እንደ ተራው ጀልባ ጎድጓዳ ሆድ የላትም፤ በሁለት ወይም በሦስት ረጃጅም የተደፈኑ ቱቦዎች ላይ ጠፍጣፋ ወለል ተዘርግቶባት፣ ዙሪያዋ በገበታ ታጥሮ፣ ከላይ ሸራ ተወጥሮባት የምትንሳፈፍ ናት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ አምብሮዝ ዊረስ የተባለ ሰው በሚኒሶታ ግዛት መሥራት በጀመረባት በአሜሪካ ዛሬ ቱቦዎቹ በአብዛኛው የሚሠሩት ከአሉሚኒየም ነው። የሐዋሳዋ ጀልባ ግን የብረት ላሜራ ናት፤ ባለቤቱ አሉሚኒየም በአስተማማኝ ሁኔታ የሚበይድላቸው ሰው በቅርብ ስላላገኙ ብረትን መርጠዋል። ይህ ልዩነት ለቀለም ጉዳይ መሠረታዊ ነው። አሉሚኒየም አየር ሲነካው ራሱን የሚጠብቅበት ስስ ሽፋን ስለሚያበጅ ሳይቀባም ለዓመታት ሊያገለግል ይችላል፤ ብረትን ግን ከውኃና ከአየር የሚለየው ቀለሙ ብቻ ነው።

እያንዳንዱ ቱቦ 7 ሜትር ርዝመትና 60 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ሲኖረው፣ ከ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ተጠቅልሎ የተበየደና በውስጡ በግድግዳ የተከፋፈለ ነው። በቱቦዎቹ ላይ የብረት ፍሬም፣ በፍሬሙ ላይ ኮምፔርሳቶ፣ በዙሪያው ከስስ ላሜራ የተሠሩ የጎን ገበታዎች አሉ። ጀልባዋ ከኋላዋ በሚሰቀል የቤንዚን ሞተር ትንቀሳቀሳለች፤ 12 ተሳፋሪ ትይዛለች።

የመጀመሪያው ቀለምና የደረሰበት

ጀልባዋ መጀመሪያ ውኃ ላይ ስትወርድ የጎን ገበታዎቿ ደማቅ ቀይ፣ ቱቦዎቿ ጥቁር፣ ወለሏ ጥቁር ቡናማ ነበሩ። ምርጫው የባለቤቱ ነበር። ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ መዝናኛ ዳርቻ ጎን ለጎን ከሚቆሙት ጀልባዎች መካከል ጉማሬ ለማየት የመጣ ሰው መጀመሪያ ዐይኑ የሚያርፍባት የእርሳቸው እንድትሆን ፈልገው ነበር። ከንግድ አንጻር ሲታይ ሐሳባቸው የሚነቀፍ አልነበረም፤ ሰዉ ጀልባዋን «ቀይዋ» እያለ መጥራት ጀምሮ ነበር።

ይሁን እንጂ ዓመት ሳይሞላት ጀልባዋ የሁለት ቀለም ባለቤት ሆነች። የሐዋሳ ከተማ የምትገኘው በሐይቁ ምሥራቅ ዳር በመሆኑ ከዚህ ዳርቻ የታሰረ ጀልባ ከሰዓት በኋላ ያለውን ፀሐይ የሚቀበለው ያለ ከልካይ ነው፤ ጨረሩ አንድ ጊዜ ከሰማይ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከውኃው ገጽ ተንጸባርቆ ያርፍበታል። ይህች ጀልባ በማረፊያዋ ሁልጊዜ ግራ ጎኗን ወደ ምዕራብ አድርጋ ትታሰር ስለነበር፣ በሾላ ዛፍ ጥላ ሥር የሚውለው ቀኝ ጎኗ ቀይ እንደሆነ ሲቆይ ግራው ወደ ሐምራዊ አዘንብሎ ነጣ፤ በእጅ ሲዳሰስም ቀይ ዱቄት ይተው ጀመር። ዱቄቱ የቀለሙ ማያያዣ በፀሐይ ተቃጥሎ ሲፈርስ የሚቀረው ማቅለሚያ ነው።

የሐዋሳ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,680 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ እዚህ የተቀባ ጀልባ በባሕር ዳርቻ ካለው ይልቅ በብርቱ ይጠቃል። ከተማዋ በ7 ዲግሪ ሰሜን ላይ በመሆኗም ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢት መጨረሻና በነሐሴ መጨረሻ፣ በቀጥታ ከአናት በላይ ትውላለች። ነሐሴን ደመናው ያለዝበዋል፤ የበጋው ሰማይ ያልተለየው መጋቢት ግን ለቀለም ክፉ ወር ነው።

ሁሉም ቀለም ለዚህ ጨረር እኩል አይንበረከክም። ደማቅ ቀይና ደማቅ ቢጫ ቀለሞች ብዙውን ጊዜ የሚሠሩባቸው ኦርጋኒክ ማቅለሚያዎች በብርሃን ቶሎ ይፈርሳሉ፤ የሸክላ ቀለም ያለው የብረት ኦክሳይድ ቀይ፣ የጥላሸት ጥቁር፣ የቲታኒየም ነጭ፣ እንዲሁም ፍታሎሲያኒን የተባሉት ሰማያዊና አረንጓዴ ማቅለሚያዎች ግን እጅግ ይጸናሉ። ቀለም ሻጭ «ውኃ የማይነካው፣ ፀሐይ የማይጎዳው» ብሎ የሚሸጠው ቆርቆሮ ከሁለቱ ወገኖች የትኛውን እንደያዘ ክዳኑ ላይ አይነበብም።

እጥበቱም ጉዳቱን አባብሶታል። ተሳፋሪ የሚያስተናግደው ወጣት ጀልባዋን በየማለዳው በዱቄት ሳሙናና በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ይፈትጋት ነበር። ልጁ ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ቀለሙ ትንሽ ይቆይ ነበር ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን በጥቁሩና በጥቁር ቡናማው ላይ አቧራው፣ የውኃ ጠብታው፣ በተለይም የወፍ ኩሱ እንደ ነጭ ነጠብጣብ ስለሚታይ ሌላ አማራጭ አልነበረውም። የሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ በሆነው በአሞራ ገደል ትርፍራፊ እየለቀሙ የሚኖሩት አባ ኮዳዎችና ሌሎች የውኃ ወፎች ባሉበት ዳርቻ ኩስ የየዕለት ጉዳይ ነው። ኩሱ የዩሪክ አሲድ ስላለበት ፀሐይ ላይ ከደረቀ የቀለሙን ገጽ ይበላል፤ በሽቦ ሲፋቅ ደግሞ አንጸባራቂነቱ ይጠፋል፤ አንጸባራቂነቱ የጠፋ ገጽ በበኩሉ ቆሻሻን አብዝቶ ይይዛል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ያልታየው ነበር። ጀልባዋ ባዶዋን ቆማ በአንድ ጎን ዘንበል ማለት ስትጀምር ባለቤቱ የሞተሩ ክብደት መስሏቸው ቆዩ። ወደ ዳር ተጎትታ ስትወጣ ግን የቀኙ ቱቦ አንድ ክፍል ውኃ ገብቶበት ተገኘ። የብየዳው መስመር በቱቦው ውስጠኛ ጎን፣ በሁለቱ ቱቦዎች መካከል ባለው ጨለማ ቦታ ዝጎ ተበስቷል። ዝገቱ አዲስ አልነበረም፤ ከሥሩ ቡናማ አንቲረስት፣ ከላዩ ጥቁር ቀለም በተቀባ ቱቦ ላይ፣ በጥላ ውስጥ፣ ቡናማ ዝገት ማን ያያል?

ጥቁሩ ቀለም ዝገቱን ከመሸሸግ ሌላም በደል ነበረው። ወለሉ ቱቦዎቹን ከአናት ፀሐይ ቢከልላቸውም ጠዋትና ማታ ዝቅ ብሎ የሚመጣው ፀሐይ ጎናቸውን ያገኘዋል፤ ጀልባዋ ለጥገና ዳር ላይ ስትቀመጥ ደግሞ ሙሉ ለሙሉ ይጋለጣሉ። ጥቁር ገጽ ከሚያርፍበት ብርሃን መልሶ የሚያንጸባርቀው 5 በመቶ ያህሉን ሲሆን ነጭ ገጽ ወደ 80 በመቶ ይመልሳል። በተደፈነ ቱቦ ውስጥ ያለ አየር ከ20 ወደ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሞቅ ግፊቱ በአንድ አሥረኛ ያህል ይጨምራል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። የብየዳው መስመር ላይ እንደ መርፌ ጫፍ ያለች ቀዳዳ ካለች ቱቦው ቀን አየር ይተነፍሳል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ውኃ ይስባል። ቀዳዳዋን የፈጠረው ቀለሙ አይደለም፤ ውኃ እንድትጠጣ ያገዛት ግን እርሱ ነው።

ክርክሩ

ቱቦው ተጠግኖ በሳሙና ውኃና በአየር ግፊት ከተፈተሸ በኋላ ጥያቄው ምን ይቀባ የሚለው ሆነ። ባለቤቱ ቀዩን አልለቅም አሉ፤ የተሻለ ቀለም ይገዛ እንጂ ቀለሙ አይቀየር ነው ያሉት። በመኪና ጋራዥ የሚሠራው ቀቢ በአክብሮት ግን በማያሻማ ቋንቋ፣ «ጋሼ፣ ቀይም ይቀባል፤ ግን በየዓመቱ ይቀባል» ሲል መለሰላቸው። የሥራውን ሒሳብ የምትይዘው ልጃቸው ነጭ ይሁን አለች። ነጭ በማንኛውም ሱቅ ይገኛል፤ የተፋቀች ቦታ በነጋታው ብትጠገን ከቀሪው ጋር ትመሳሰላለች፤ ሙቀትም አይስብም። «አባዬ፣ ቀዩን በጠገንን ቁጥር ሙሉ ጎን ነው የምንቀባው» ያለችው የሒሳብ መዝገቧን ይዛ ነበር።

አስተናጋጁ ወጣት የተጠየቀው በመጨረሻ ቢሆንም ከሁሉ የበለጠ የሚያውቀው እርሱ ነበር። ነጩን ተቃወመ። ዳርቻው ላይ ጀልባዎች እንዳይጋጩ የሚንጠለጠሉት አሮጌ የመኪና ጎማዎች ነጭ ላይ ጥቁር መስመር ይተዋሉ፤ የሐይቁ አረንጓዴ አልጌ በውኃው መስመር ላይ ቀለበት ይሠራል፤ ከእያንዳንዱ ብሎን ሥር ቡናማ ዝገት እየወረደ ገበታውን ያዥጎረጉረዋል፤ በቀትርም ነጩ ዐይን ይወጋል።

እኔን ያነቃኝ ሦስተኛው ተቃውሞ ነበር። ልጁ እንደ ጥፋት የቆጠረው የዝገት መስመር በእኔ ዐይን ከሁሉ የሚበልጥ ጥቅም ነው። ጎማው የተወው ጥቁር መስመር ጀልባዋን አይጎዳም፤ አልጌውም፣ አቧራውም እንዲሁ፤ እነዚህ ቢሸሸጉ የሚቀነሰው የእጥበት ድካም ብቻ ነው። ዝገት፣ የብየዳ ስንጥቅ፣ የቤንዚንና የዘይት ጠብታ ግን በተሸሸጉ ቁጥር ዋጋቸው ይጨምራል። ስለዚህ «ቆሻሻ የማያሳይ ቀለም» ብሎ በጅምላ መምረጥ ጀልባዋን ወደ ቀድሞው ችግሯ የሚመልስ ነው። መጠየቅ የሚገባው በእያንዳንዱ የጀልባዋ ክፍል ላይ ምን ዓይነት እድፍ እንደሚበዛ፣ ከዚያም እድፍ የትኛው ቢደበቅ ጉዳት እንደሌለው፣ የትኛው ቢደበቅ ጉዳት እንዳለው ነው። ይህን ስናነሣ ክርክሩ ከቀይና ከነጭ ወጥቶ ወደ ክፍል በክፍል ምርጫ ተሸጋገረ።

ከውሳኔው በፊት ቀቢው የተለያዩ ቀለሞች የተቀቡ የላሜራ ቁርጥራጮችን በማረፊያው ግንድ ላይ ወደ ምዕራብ አዙሮ ሰቀለ፤ ግማሻቸውን በጨርቅ ሸፈነ፤ የታችኛው ጫፋቸውም ውኃ እንዲነካው አደረገ። ከጥር እስከ ሚያዝያ እንዲሰነብቱ ተደረገ። ይህ ዘዴ ምንም ወጪ የሌለውና ከየትኛውም የሻጭ ቃል የበለጠ የሚታመን ነው፤ ጨርቁ ሲገለጥ በተሸፈነውና ባልተሸፈነው መካከል ያለው ልዩነት ለባለቤቱ የትኛውም ማብራሪያ ሊያስረዳ ያልቻለውን አስረዳ። ደማቁ ቀይ በሁለት የተከፈለ መሰለ፤ የሸክላ ቀዩ፣ ግራጫዎቹና የአሸዋ ቀለሙ መስመራቸው በግድ የሚለይ ነበር።

የውኃው መስመር

ከጀልባዋ ክፍሎች ሁሉ ብዙ ያወያየን ቱቦው ከውኃው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው፤ በእኔ እምነትም የፖንቱን ጀልባ ቀለም የሚሳካው ወይም የሚከሽፈው እዚያ ነው።

የሐዋሳ ሐይቅ በዋናነት በጥቁር ውኃ ወንዝ የሚመገብ፣ በገጸ ምድር ግን መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው። ከመሬት በታች እየሰረገ ስለሚወጣ እንደ ሻላና እንደ አቢጃታ ብርቱ ጨዋማ ባይሆንም፣ ውኃው ለስላሳ አልካላይነት አለው። በቱቦ ላይ ደርቆ ሲቀር አመድማ ስስ ሽፋን ይተዋል፤ በውኃው ውስጥ የሚበዛው አልጌ ደግሞ አረንጓዴ-ቡናማ ቀለበት ይጨምርበታል። በዚያው ቦታ ላይ ብረቱ ሲረጥብ ሲደርቅ ስለሚውልና ኦክሲጅን እንደልብ ስለሚያገኝ ዝገት ከሁሉ ፈጥኖ የሚጀምረውም እዚያ ነው። ሦስት እድፎች በአንድ መስመር ላይ ይገናኛሉ፤ ሁለቱ የማይጎዱ፣ አንዱ ጎጂ።

ነጭ አልጌውን ያወጣል። ጥቁር አመዱን ያወጣል። ቀቢው የሸክላውን ቀይ ለመስመሩ ሐሳብ አቀረበ፤ በፀሐይ አይለቅም፤ የባለቤቱንም ልብ ያሳርፋል። ሐሳቡ ያምር ነበር፤ ነገር ግን የሸክላ ቀይ ማቅለሚያው ራሱ የብረት ኦክሳይድ፣ በግልጽ አነጋገር የተፈጨ ዝገት መሰል ነገር በመሆኑ፣ ዝገቱ በሚጀምርበት መስመር ላይ ዝገት የሚመስል ቀለም መቀባት ይሆንብን ነበር። ቀዩን በመቃወሜ የደገፈኝ ሰው ባይኖርም በዚህ ላይ ከአቋሜ ፈቀቅ አላልሁም። በመጨረሻ የተመረጠው መካከለኛ ድምቀት ያለው ግራጫ-አረንጓዴ ነው። አልጌው በውስጡ ይጠፋል፤ አመዱ ከግራጫው ጋር ይቀራረባል፤ የዝገት ብርቱካናማ ግን በአረንጓዴ ላይ ከሩቅ ይለያል።

የመስመሩ ስፋት ከግምት አልወጣም። ሁለቱ ቱቦዎች እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ሲሆኑ በውኃው ገጽ ላይ የሚይዙት ስፋት 8.4 ካሬ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ጀልባዋ 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ባለች ቁጥር 84 ሊትር ውኃ ትገፋለች፤ ይህም 84 ኪሎ ግራም መሸከም ማለት ነው። አንድ ሰው በአማካይ 70 ኪሎ ግራም ቢመዝን 12ቱ ተሳፋሪዎች ጀልባዋን በ10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ያደርጓታል። ባዶዋን ስትሆን ካለው መስመር በታችና ስትሞላ ካለው መስመር በላይ ማዕበል የሚረጨው ቦታ ሲጨመርበት ግራጫ-አረንጓዴው መቀነት 20 ሴንቲ ሜትር ወርድ እንዲኖረው ሆነ። ከዚህ የጠበበ መቀነት ለውበት እንጂ ለእድፍ አይጠቅምም።

ከመቀነቱ በታች ያለው ሁልጊዜ ውኃ ውስጥ ነውና ቀለሙ ለማንም አይታይም፤ የሚታየው ቱቦው ሲወጣ ለሚመረምረው ሰው ብቻ ነው። እዚያ ኢፖክሲ የተባለው፣ ከሁለት ቆርቆሮ ተደባልቆ የሚጠነክር ቀለም ተቀባ፤ ሆኖም እያንዳንዱ እጅ የተለያየ ቀለም እንዲኖረው ተደረገ። መጀመሪያ ቀይ፣ ከዚያ ነጭ፣ በመጨረሻ ቀላል ግራጫ። ጥቅሙ ሁለት ነው። ቀቢው ሁለተኛውን እጅ ሲቀባ የዘለላት ቦታ ወዲያው ትታየዋለች፤ ከዓመታት በኋላም ግራጫው ተፍቆ ነጭ ከወጣ ቀለሙ መሳሳት መጀመሩን፣ ቀይ ከወጣ ደግሞ ጊዜው ማለፉን ያሳያል። በባሕር ላይ ለሚንሳፈፉ መርከቦች የሚቀባው መዳብ ያለበት ቀለም እዚህ አላስፈለገም፤ በዚህ ሐይቅ የመርከብ ሆድ ላይ የሚጣበቁት የባሕር ፍጥረታት የሉም፤ ዓሣ ለሚጠመድበት ውኃም ይህ ይሻላል። ጀልባዋ አሉሚኒየም ብትሆን ኖሮ መዳቡ አሉሚኒየሙን ራሱን ስለሚበላው ፈጽሞ የሚከለከል ይሆን ነበር።

በሁለቱ ቱቦዎች መካከል ያለው፣ ቀድሞ ቀዳዳው የተገኘበት ጨለማ ጎን፣ ከመቀነቱ በላይ ነጭ ተቀባ። እዚያ ተሳፋሪ አያይም፤ የሚያየው የእጅ ባትሪ የያዘ ሰው ነው።

ሌሎቹ ክፍሎች

የጎን ገበታዎቹ ወደ ቢጫ የሚያዘነብል የአሸዋ ቀለም ሆኑ፤ በራል የቀለም መለያ 1015 ተብሎ ለሚታወቀው ቀላል የዝሆን ጥርስ ቀለም የሚቀርብ ነው። ከነጭ ይልቅ ለዐይን ይለዝባል፣ የበጋውን አቧራ ይመስላል፣ ከነጭ እምብዛም ያልራቀ ብርሃን ይመልሳል። በቁጥር የሚታወቅ ቀለም መምረጡ የልጅቱ ሐሳብ ነበር፤ በዐይን ግምት የተደባለቀ ቀለም ሲያልቅ ዳግመኛ አይገኝም። ቀቢው ሜታሊክ ቀለም ያምራል ቢልም፣ ሜታሊክ የተፋቀች ቦታ ብቻዋን ብትጠገን እንደ እራፊ እንደምትለይ ራሱ አመነ።

ኢፖክሲ በፀሐይ ዱቄት ስለሚሆን ከውኃው መስመር በላይ በላዩ ላይ ፖሊዩሪቴን የተባለ ፀሐይን የሚቋቋም ቀለም ተደረበበት። ይህ ክፍል ገንዘብ በላ። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ባለሁለት ቆርቆሮ ቀለም በብር ሲተመን እጅግ ተወድዷል፤ ባለቤቱም ተራውን የዘይት ቀለም ለመግዛት ዳርዳር ብለው ነበር። ወጪው የተቀነሰው ቀለሙን በማርከስ ሳይሆን ቦታውን በመለየት ነው። ፖሊዩሪቴኑ ፀሐይ በሚያገኘው ገበታና በቱቦው ውጫዊ ጎን ላይ ብቻ ሲውል፣ በወለሉ ሥር ያለው ፍሬም በተራ ቀለም ተቀባ።

ወለሉ መካከለኛ ግራጫ ሆኖ እንዳያንሸራትት ደቃቅ አሸዋ ተነሰነሰበት። መቀመጫዎቹ ቀድሞም የወተት ቀለም ነበሩና አልተነኩም፤ ጥቁር የላስቲክ ቆዳ በቀትር ላይ የሚቀመጥበትን ሰው ስለሚያቃጥል ለዚህ አገር አይመከርም። የጣሪያው ሰማያዊ ሸራ ፀሐይ ሰነጣጥቆት ስለነበር ወፍራም ቀላል ግራጫ ሸራ ተተካበት። የአሸዋ ቀለም ያላት ጀልባ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ሐይቁ ሲናወጥ ከዳርቻው ሸምበቆ እንዳትመሳሰል በሸራው ጠርዝ ዙሪያ ብርቱካናማ ጥብጣብ ተሰፋ። ብርቱካናማው ቶሎ እንደሚነጣ ይታወቃል፤ ጥብጣብ የሆነውም ተቀድዶ እንዲለወጥ ነው።

ከአገልግሎት በኋላ

ከአንድ በጋና ከአንድ ክረምት በኋላ ጀልባዋን አብረን መረመርናት። የግራና የቀኝ ጎኗ በዐይን አይለያዩም። አስተናጋጁ ሽቦውን ትቶ በስፖንጅና በለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና ያጥባል፤ ኩስ ሲያገኝ በውኃ አርሶ ካለሰለሰው በኋላ ይጠርገዋል እንጂ አይፍቀውም። አቧራው ስለማይታይ በየማለዳው ሙሉ እጥበት ማድረጉንም ትቷል። ይህ ለቀለሙ ከፖሊሽ ይበልጣል። ወደ ክረምቱ ማብቂያ ላይ በግራው ቱቦ መቀነት ውስጥ፣ በአንድ የብየዳ መጋጠሚያ ላይ፣ ትንሽ ብርቱካናማ ነጥብ ታየች፤ በብረት ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ተፍቃ፣ ከተቀመጠው ትርፍ ቀለም ላይ በትንሽ ብሩሽ ተሸፈነች። ቀድሞ በጥቁሩ ላይ ይህች ነጥብ ቀዳዳ እስክትሆን የሚያያት አልነበረም።

ያልተሳካውም አለ። የጎማዎቹ ጥቁር መስመር በአሸዋ ቀለሙ ላይ ወጣቱ እንደ ፈራው ሆነ፤ በተለይ ከፊት በኩል፣ ተሳፋሪ ሲወጣና ሲወርድ ጀልባዋ ዳሩን በምትገፋበት ቦታ። ጎማዎቹን በሸራ መጠቅለል ተሞክሮ ሸራው በቶሎ ተበላ። አሁን የታሰበው ገበታው ከጎማ በሚነካካበት ቁመት ላይ ጥቁር ግራጫ ሰንበር መቀባት ነው፤ እዚያ ከሥር ብየዳ ስለሌለ ጥቁር ቢሆን የሚሸሽገው ጉዳት የለም። የወለሉ ግራጫም ከሚፈለገው ትንሽ ጠቆር ብሏል፤ በባዶ እግር የሚወጡ ልጆች በቀትር ይዘላሉ።

ባለቤቱ ቀዩን ፈጽመው አልተዉትም። የጀልባዋ ስም በሁለቱ ገበታዎች ላይ በደማቅ ቀይ ስቲከር ተለጥፏል፤ የግራው ከአሁኑ መንጣት ጀምሯል። ልጃቸው ፊደሎቹን በትርፍ አስቆርጣ አስቀምጣለች፤ ከጥር በፊት ጀልባዋ ከውኃ ስለማትወጣ እስከዚያ የሚለወጡት እነርሱና የፊት ለፊቱ ሰንበር ብቻ ናቸው።